እኅታቸው ሰሎሚት

የነገሥታት ዘር ሲቆጠር የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር፣ አንዲት መነኩሲት ብቻቸውን በሚኖሩባት ክብ የድንጋይ ቤት ውስጥ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ በሞተች በዓመቱ አባቴ ከገጠሩ ቀያችን ከብልባላ ሲያመጣኝ መንገዱን ሙሉ ብዙም አላወራኝም፤ ላሊበላ ልንገባ ስንል ብቻ «እዚህ ትምህርት ቤት አለ። እማሆይም ቢሆኑ ሰው ያስፈልጋቸዋል» አለኝ። እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው፤ የሞተው አያቴ እኅት። አባቴ ጥቅሌን በራቸው ላይ አስቀመጠ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ቅዳሜ ለገበያ ስወጣ አይሻለሁ ብሎኝ ቁልቁለቱን ወረደ። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ፣ ሲሳይና አበራ፣ ለእርሻው ስለሚፈለጉ ከእሱ ጋር ቀሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች እውነትም መጣ። ገብስ ወይም ጥቂት እንቁላል ይዞልኝ ይመጣና፣ ገበያው ዳር ቆመን «ትማሪያለሽ?» ይለኛል፤ «እማራለሁ» እለዋለሁ፤ ከዚያ የሚባል ነገር ያልቅብናል። ቀስ በቀስ በወር አንዴ ሆነ። እታገኝ የምትባል ሴት ካገባ በኋላ ደግሞ ለዓመት በዓል ብቻ። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የብልባላ ሰዎች በሚገቡበት መንገድ ዳር መቆሜን አልተውኩም። የሚመጣውን ሰው ሁሉ አረማመዱን አያለሁ፤ አባቴ ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ስለሚሄድ ከሩቅ እለየዋለሁ። ገበያው ሲበተን ወደ ቤት እመለሳለሁ። እማሆይ መጣ ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ከኮቴዬ ነበር የሚያውቁት።

ያቺ ቤት ጭር ያለች ነበረች። ጎረቤት የሚባለው አንድ ቄስ ሲሆን፣ የእሱም ቤት ከገደሉ ማዶ ነው። ፀሐይ ተራራው ላይ ጠልቃ ጥላው ሲወርድብን፣ እማሆይ የሠርክ ጸሎታቸውን አድርሰው ይገቡና እኔ የወይራ ጉማጅ እሳቱ ላይ እጨምራለሁ። ጢሱ መውጫ ፈልጎ ጣራው ሥር ሲዞር ይቆይና በክዳኑ ስንጥቅ ይወጣል። ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ ለእኔ ብቻ ነበር የምትበራው፤ እሳቸው ዓይናቸው ላይ ሞራ ስለወጣ ብርሃኗ አይጠቅማቸውም። ንፍሯችንን ከበላን በኋላ ወደ ፍሙ ጠጋ ይሉና፣ እጃቸውን እያሞቁ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ይጀምራሉ። «ዳዊት ሰሎሞንን ወለደ። ሰሎሞን ሮብዓምን ወለደ። ሮብዓም አብያን ወለደ…» ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ እኩል የሚሄድ፣ እንደሚፈተል ጥጥ ሳይበጠስ የሚረዝም ነበር። እኔ ያኔ ከስሞቹ አንዱንም አላውቀውም ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው ከአንድ ሰው መወለዱና አንድ ሰው መውለዱ፣ ማንም ሳይያያዝ ብቻውን አለመቅረቱ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራቸውም። አባታቸው መሪጌታ ተገኘ የመጻሕፍት መምህር ነበሩና ግቢያቸው በተማሪ የተሞላ ነበር። ወንዶቹ ልጆች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያነበንቡ፣ ልጅቷ ከቤቱ ጀርባ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። ተማሪው የረሳውን እሷ ታስታውሳለች፤ ነገር ግን ጠይቋት የሚያውቅ የለም። እንዲህ ነበር የነገሩኝ።

ተረት የሚሉት ነገር አልነበራቸውም፤ የሚናገሩት የተጻፈውን ብቻ ነው። ሆኖም አነጋገራቸው ከተረት ይበልጥብኝ ነበር። ንግሥት ጎቶልያ የነገሥታቱን ዘር በሙሉ ስታስገድል፣ አክስቱ ዮሳቤት ጡት ያልጣለውን ኢዮአስን ከሚታረዱት መካከል ሰርቃ፣ ከሞግዚቱ ጋር በቤተ መቅደስ ስድስት ዓመት እንደደበቀችው ሲነግሩኝ፣ ሕፃኑ አልቅሶ እንዳያጋልጣት ብዬ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚወዱት ግን መጽሐፍ በአንድ ቃል ጠርቷቸው ያለፋቸውን ሰዎች ነው። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ይቆማሉ።

ሰሎሚትን የሰማሁት በአንዱ የክረምት ምሽት ነው። ከባቢሎን ምርኮ ሕዝቡን እየመራ ስለተመለሰው ስለ ዘሩባቤል፣ ከዳዊት ዘር ስለመሆኑ፣ ዙፋን ግን ስለማጣቱ ሲነግሩኝ ቆይተው ወደ ልጆቹ ገቡ። «ሜሱላምና ሐናንያ» አሉ። «እኅታቸው ሰሎሚት።» ቆሙ። ከዚያ አምስት ሌሎች ወንዶች ልጆች ጠርተው ቆጠራውን ቀጠሉ።

«እማሆይ፣ ሰሎሚት ምን ሆነች?» አልኋቸው።

«አልተጻፈም።»

«አገባች?»

«አልተጻፈም ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ስሟን ጻፉት?»

እሳቱን በጭራሮ ቆሰቆሱት። «እሱንም አልጻፉትም» አሉ።

ያቺ ልጅ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከእኔ ጋር ኖረች። ከሁለት ወንድሞች ቀጥላ፣ ከአምስት ሌሎች በፊት፣ መሀል ላይ ብቻዋን የቆመች ልጅ። እኔም ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ አወራታለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምን እንደዋለች አስባለሁ። አንዳንዴ በሐሳቤ ባቢሎን ቀርታለች፤ አባቷ ሕዝቡን ይዞ ሲወጣ እሷን የሚረዳቸው ያጡ አንዲት አሮጊት ጋ ትቷታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ዳር ትቆማለች። ይህን ለእማሆይ ብነግራቸው «አበስኩ ገበርኩ! ያልተጻፈ አትጨምሪ» ብለው የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አምልጦኝ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። «አባቷ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁኝ። «አላውቅም» አልኩ። «እንግዲያው አንቺም እንደ መጽሐፉ ተይው» አሉኝ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው ነገሩ የመጣው። ቅዳሜ ገበያ ዳር ቆሜ ሳለ አያ ካሳው የሚባል፣ ላሊበላ ገበያ እምብዛም የማይመጣ የአባቴ ጎረቤት አየኝና ደንገጥ አለ።

«ትርንጎ! አለሽ እንዴ?» አለኝ። «እኔ እኮ ተድረሽ ሩቅ አገር የሄድሽ መስሎኝ!»

«ለምን መሰለህ?»

ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ሳያስብ ነገረኝ። የመሬት መዝጋቢዎች ቀበሌው ገብተዋል። ለየቤቱ የመሬት ይዞታ ደብተር ሊሰጥ ስለሆነ የቤተሰቡ ስም እየተጻፈ ነው። የተጻፈው በአደባባይ ሲነበብ የአባቴ፣ የእታገኝ፣ የሲሳይና የአበራ ስም ተጠራ። የእኔ አልተጠራም። «ማክሰኞ ለመጨረሻ ጊዜ ይነበባል፤ ቅሬታ ያለው ያኔ ይናገር ተብሏል» አለኝና ጨው ሊገዛ ሄደ።

በዚያ ቀን ገበያው እስኪበተን አልቆየሁም። መሬት ምን እንደሚያደርግልኝ አላሰብኩም፤ መሬቱ ትዝም አላለኝ። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው አባቴን ልጆችህን ጥራ ብሎታል፣ አባቴም ጠርቶ ጨርሷል።

ለእማሆይ አልነገርኋቸውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምግብ ሳቀርብላቸው እጄን ያዙኝ። «ከትናንት ጀምሮ ትንፋሽሽ ልክ አይደለም» አሉ። ያኔ ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ፤ አባቴን አልረገሙም፣ እኔንም አላጽናኑኝም። በትራቸውን አነሡና «ወደ ቄሱ ቤት ምሪኝ፤ በቅሎውን እንለምነዋለን» አሉኝ። እሳቸው እኮ ከላሊበላ ሳይወጡ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ። መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ዳገቱ ላይ በቅሎዋ ስትቆም እኛም እንቆማለን። እኩለ ቀን ላይ አንድ ምንጭ ዳር አወረድኋቸውና ጥላ ሥር ተቀመጥን። ዓይናቸው የማያየውን ሸለቆ እያዩ ድንገት ተናገሩ።

«አባቴ ስንት ልጆች አሉዎት ሲሏቸው፣ ሦስት ይሉ ነበር። እኛ አራት ነን።»

ከምንጩ ውኃ ቀድቼ አቀበልኋቸው።

«ክፉ ሰው አልነበሩም» አሉ ቀጥለው። «እጄን ይዘው ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ግን ሦስት ይሉ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። የዚያን ጊዜ ወጥቼ አራት ነን ብል ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እስካሁን አስባለሁ።» ከዚያ በትራቸውን ፈለጉና «በይ አስነሺኝ» አሉኝ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አባቴ በር ላይ ደረስን። አጥር እየጠገነ ነበር፤ ሲያየን እጁ ላይ የነበረው እሾህ ወደቀ። «አክስቴ! ምን እግር ጣለዎት?» አለ። «ነገ ስብሰባ አለ ሲሉ ሰማሁ» አሉት እማሆይ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመሩም። አባቴ ወደ እኔ ቀና አለና ቶሎ ወደ በቅሎዋ ዞረ፤ ኮርቻዋን መፍታት ያዘ። እታገኝ እግራችንን አጠበችን፣ ያላትን አቀረበችልን፤ ወንድሞቼ ጎርምሰው ድምፃቸው ወፍሮ ነበርና አፈርኋቸው። ያን ምሽት በዚያ ቤት ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ቄሱ በቅሎ ተወራ። እኔ እናቴ ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ተኝቼ፣ እማሆይ ለምን ዝም እንዳሉ እያሰብኩ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በማግሥቱ ሰዉ ከቀበሌው ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተሰበሰበ። መዝጋቢው ከከተማ የመጣ፣ ፀሐይ ያቃጠለው ወጣት ነበር። ትሑት ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ከወንበሩ ይነሣል። ስም እያነበበ በየመሀሉ «ቅሬታ ያለው?» ይላል። የአባቴ ስም ደረሰ። «ደምሴ ይመር። ባለቤት እታገኝ። ልጆች ሲሳይ፣ አበራ። ቅሬታ ያለው?»

«እኔ አለኝ» አሉ እማሆይ። ክንዳቸውን ይዤ አስነሣኋቸው።

«እማሆይ፣ እርስዎ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነዎት?»

«አይደለሁም። የዚህ ሰው አክስት ነኝ። መሬትም አልፈልግ። ዘራችንን ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

አንዳንዱ ሳቀ። መዝጋቢው ብዕሩን አስቀምጦ «ይቁጠሩ» አላቸው። እማሆይም ከእሳቱ ዳር በማውቀው በዚያ እኩል በሚሄድ ድምፅ ጀመሩ።

«ወልዴ ተገኘን ወለደ፣ ሀብቴንም ወለደ፤ እኅታቸው ብርቄ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «ብርቄ የኔ እናት ናት!» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ስሟን ሰው ሲጠራው ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!» ሳቁ ቆመ።

«ተገኘ አድማሱን፣ ካሴን፣ ይመርን ወለደ፤ እኅታቸው የሺመቤት። የሺመቤት እኔ ነኝ፤ ቆቡን ሳልደፋ ስሜ ይህ ነበር። ይመር ደምሴን ወለደ፣ ፈንታንም ወለደ፤ እኅታቸው ዘውዴ። ዘውዴ በልጅነቷ በወሊድ ሞተች፤ እዚህ ካላችሁት የሚያውቃት ጥቂት ነው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ደምሴ ሲሳይን ወለደ፣ አበራንም ወለደ፤»

ቆሙ። ስሜ ሲመጣ እየጠበቅሁ ነበር፤ አልመጣም። እማሆይ ፊታቸውን ሰዉ ወዳለበት አዞሩ፤ አባቴ የት እንደቆመ አያዩም፣ ግን በትክክል ወደ እሱ ነበር ያዞሩት።

«ደምሴ» አሉ፤ «ቀጥል።»

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞት ነበር። እታገኝ መሬት መሬት ታያለች። ሲሳይ ጉሮሮውን ጠረገ። መዝጋቢው ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቃል።

«እኅታቸው ትርንጎ» አለ አባቴ። ሁለት ቃል ብቻ። ድምፁ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ መዝጋቢው «ማን አሉኝ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴም ጮክ ብሎ ደገመው። «ትርንጎ ደምሴ። ልጄ ናት።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አየሁ። እማሆይ ክንዴን ጨብጠው «ጻፈው?» አሉኝ። «ጻፈው» አልኋቸው። ተቀመጡ።

በማግሥቱ ስንመለስ አባቴ እስከ ወንዙ ሸኘን። እዚህ ቅሪ እንዲለኝ ስጠብቅ ነበር። ቢለኝ እማሆይን ትቼ እንደማልቀር ባውቅም፣ እንዲለኝ ብቻ ፈልጌ ነበር። የበቅሎዋን ኮርቻ ማሰሪያ ሁለት ጊዜ አጠበቀ፣ የጠበቀውን ለሦስተኛ ጊዜ ነካካው። «ደህና ግቡ» አለና ቆመ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ዞር ብዬ አየሁት፤ ቆሞ ነበር። ደግሜ ስዞር የለም። ስሜ እዚያ ቤት ገባ፤ እኔ ግን ወጥቼ ተመለስኩ። ማልቀሴን እንዳይሰሙ ወደ ፊት ራቅ ብዬ ልጓሙን ስስብ፣ እማሆይ ከበቅሎዋ ላይ «አልቅሺ ልጄ፤ እዚህ ሰው የለም» አሉኝ።

እማሆይ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ብቻ ነው የኖሩት። ያቺን ቤት የዘጋኋት እኔ ነኝ። ተማርኩ፤ አስተማሪ ሆኜ ሙጃ የምትባል ከተማ ገባሁ፤ ትዳርም ሞክሬ አልሆነልኝም። ብዙ ዓመት በአንዲት ክፍል ብቻዬን ኖርኩ፤ ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ እግሩ ደክሞ፣ እታገኝም ሞታ፣ ሲሳይ ሥራ ፍለጋ ርቆ፣ የአበራ ቤት በልጆች ተጨናንቆ ሳለ፣ እኔ ጋ መጣ። ስለዚያ ማክሰኞ አንስተን አናውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት በአንዱ ምሽት ራት ባቀርብለት እጁን ከመሶቡ መለሰ።

«ያን ጊዜ ስምሽን ለምን እንዳላስጻፍኩ ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለኝ።

«አልጠየቅሁም።»

«ሰዉ ለመሬቱ ሳስቶ ነው አለ። እታገኝ መክራው ነውም ያለ አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ እንደዚያ ቢመስላቸው ይሻለኝ ነበር። ያ መዝጋቢ ልጅ ልጆችህን ጥራ አለኝ። ጠራሁ። ሌላ አለ ወይ አለኝ። ቆሜ አሰብኩ ትርንጎ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አልመጣሽልኝም።»

ሕፃን ሆኜ መንገድ ዳር ስቆም ጀምሮ የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር፤ መጠላቴን ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ክፋት እንኳ የሌለበት መረሳትን። ቀለለኝ አልልም፤ አልቀለለኝም። ግን ፊቱን ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። ያን ጊዜ ልጆቹን ለመዝጋቢው ሲጠራ የረሳኝ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ መርሳቱን አንድም ቀን አልረሳውም፤ እኔ ሙጃ ብቻዬን ሳድር፣ እሱም ብልባላ ከሚስቱና ከልጆቹ መካከል ይህን ለማንም ሳይናገር ብቻውን ሲያድርበት ኖሯል። ከእነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልሽ ቢሉኝ የነገሥታቱን ስም ግማሹን ረስቼዋለሁ። የቀረኝ፣ ሰው ሲቆጥር ዘሎኝ ቢያልፍ እንኳ የዘለለበት ቦታ ለራሱም ባዶ ሆኖ እንደሚቆይበት ማወቄ ነው። ያ ደግሞ ለሁለታችንም ከባድ ነው።

«ብላ እንጂ አባየ» አልኩት። «ይቀዘቅዛል።»

መጀመሪያ እኔን አጎረሰኝ። ወጡ እንዳይፈስበት እጁን በእጄ ደግፌ ጎረስኩ።